ሆድሽ ሳይገፋ ወንበር ለማግኘት

ከጉርድ ሾላ ሜክሲኮ በባቡር እንደምትመላለሺ፣ አምስተኛ ወርሽ እንደሆነ፣ ሆድሽ ገና ስላልገፋ ማንም ወንበር እንደማይለቅልሽ፣ መጠየቅም እንደሚያሳፍርሽ የጻፍሽው እህቴ፣ ሁለቱንም ልጆቼን አርግዤ ሥራ የምሄደው በዚሁ በአያት መስመር ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ።

ሰው አይቶ ይነሳልኛል ብለሽ አትጠብቂ። የሰዉ ክፋት አይደለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለተቀመጠው ሰው የሚታየው የቆመው ቀበቶና ቦርሳ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጃኬት ለብሰሽ ማን ያውቅልሻል? የሚያናድደው ደግሞ ወንበሩ የግድ የሚያስፈልግሽ ብዙ ጊዜ ሆድሽ ሳይታይ መሆኑ ነው፤ ማቅለሽለሹና ማዞሩ የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት አይደል? ሲገፋማ ሳትጠይቂ ይነሱልሻል፣ እናቶችም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው ይመርቁሻል።

ስለዚህ ጠይቂ። ግን በጅምላ አይሁን። «እባካችሁ ወንበር የሚለቅልኝ አለ?» ካልሽ ሁሉም ጎረቤቱን ያያል፣ ወይ ስልኩ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ምረጪና ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ወንድሜ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ መቆም አልቻልኩም፣ ትነሳልኛለህ?» በይው። በቃ። ይቅርታ፣ አስቸገርኩህ ምናምን አታብዢ። አብዛኛው ሰው ቀድሞ ባለማየቱ አፍሮ ብድግ ነው የሚለው። ኢርፎን ከሰካ ትከሻውን ነካ አድርጊው፤ ሰው ቢያማቸውም ቶሎ የሚነሱት ወጣቶቹ ናቸው። አልፎ አልፎ «እኛም አርግዘን ሠርተናል» የምትል ሴት ትገጥምሻለች። ተያት። መልስ የሚሰጥልሽ ሌላ ሰው አይጠፋም።

አይ፣ አፌን ሞቼ አልከፍትም ካልሽ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ባቡሩ ጉርድ ሾላ የሚደርሰው ከአያት፣ ከመሪና ከሲኤምሲ ጭኖ ነው። ትንሽ ቀደም ብለሽ ውጪና መጀመሪያ ወደ አያት የሚሄደውን ያዢ፣ ጠዋት በዚያ አቅጣጫ ሰው ይቀላል፤ አያት መነሻ ስለሆነ እዚያ ወርደሽ ከፊት ከተሰለፍሽ ወንበር መርጠሽ ትቀመጫለሽ። የትኬት ይጨምርብሻል፣ እንቅልፍም ይቀንስብሻል፣ ግን እስከ ሜክሲኮ ተቀምጠሽ ነው። ማታም ከሜክሲኮ ከመጋፋት ጥቂት ፌርማታ ወደ ጦር ኃይሎች ሄደሽ ከመነሻው ተሳፈሪ። ሜክሲኮ ላይ የቃሊቲውም ባቡር በዚያው ሐዲድ ስለሚያልፍ አቅጣጫውን ሳታጣሪ አትግቢ፣ ተጋፍቶ መውረዱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ባቡሩ የጠፋ ቀን ታክሲ መሰለፍሽ አይቀርም። እዚያ ደግሞ ለተሰላፊው ሳይሆን ለተራ አስከባሪው ንገሪው። «እርጉዝ ናት፣ አሳልፏት!» ብሎ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ይጮህልሻል፤ ያሳፍራል፣ ግን ሰልፉ ወዲያው ይከፈትልሻል። ጋቢናን ሰው ሁሉ ይመኘዋል፣ እኔ ግን በእርግዝናዬ ጠልቼው ነበር። አብዛኞቹ ሚኒባሶች ሞተራቸው ከወንበሩ ሥር ስለሆነ መቀመጫሽ ይግላል፣ መሐል ከገባሽ ደግሞ ማርሹ ጉልበትሽ ሥር ነው። ከተቀመጥሽና ቀበቶ ካለው የታችኛውን ከሆድሽ በታች አሳልፊው፣ ሆድሽ ላይ አይሁን። በሩ ጋ ያለው ታጣፊ ወንበር ሰው በወረደ ቁጥር ያስነሳሻል፤ የኋላው ወንበር የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ያስቆጥርሻል። ስለዚህ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ረድፍ፣ መስኮት ዳር። ረዳቱ ትርፍ ሊጭን «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል አንቺ አትጠጊ። ነፍሰ ጡር ነኝ ካልሽው ራሱ ሌላውን ያጠጋጋል።

ደግሞ ለአለቃሽ ነግረሻል? ብዙዎቻችን እስከ ሰባተኛ ወር እንደብቃለን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆንሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለእርግዝና ምርመራ ስትሄጂ ደመወዝ ሳይቆረጥ ፈቃድ ይሰጥሻል፣ ከወሊድ በፊትም 30 ቀን እረፍት አለሽ። አርፍዶ መግባት እዚያ ውስጥ የለም፣ እሱን በድርድር ነው የምታገኚው። እኔ ሦስት ሰዓት ገብቼ ያረፈድኩትን ማታ አካክሼ እወጣ ነበር፤ ግፊያው በሁለቱም በኩል ቀለል ይላል።

ወንበር አጥተሽ ቆመሽ ካዞረሽ ግን ሜክሲኮ እስክደርስ ብለሽ አትታገዪ። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ውረጂ፣ ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ፣ ሌላ ባቡር ይመጣል። ማዞሩ ከተደጋገመ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ደግሞ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የደም ማነስም ሊሆን ይችላል።