የሸማቾች ማህበር ሱቅ፦ ስለ ዋጋ፣ ስለ ትርፍና ስለ ዕጣ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሱቁ የራሳችን ከሆነ ለአባላት ካሸር ላይ 5 በመቶ ቢቀነስልን ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ሱቁን ሊዘጋው ይችላል። በ75 የተገዛ ዕቃ በ100 ሲሸጥ 25 ይተርፋል። ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት 23 ከወሰዱ የተጣራው 2 ነው። ከሽያጩ 80 በመቶው የአባላት ከሆነ ቅናሹ 4 ይበላል፤ የ2 ትርፍ የ2 ኪሳራ ሆነ ማለት ነው። ደግሞ ቅናሹ የሚሰጠው ትርፍ መኖሩ ሳይታወቅ ነው። ይልቅ ሁሉም በገበያ ዋጋ ይግዛ፤ ሒሳብ ተዘግቶ ኦዲት ሲያልቅ፣ ካለ ይከፋፈል። በእንግሊዟ ሮችዴል በ1844 እ.ኤ.አ. ሱቅ የከፈቱት 28 አባላት የያዙት መንገድ ይኸው ነበር።

ጥያቄ፦ ክፍፍሉ በዕጣ (አባሉ ከማህበሩ በገዛው ድርሻ) ብዛት ነው?

መልስ፦ በዋናነት በግዢ መጠን ነው። ከትርፉ መጠባበቂያ ተቀንሶ 20 ሺህ ቢቀርና የአባላት ግዢ 1 ሚሊዮን ቢሆን 2 በመቶ ይደርሳል፤ የ30 ሺህ ዕቃ የገዛ 600 ያገኛል። ስለዚህ ካሸሩ የአባል ቁጥር ሳይመዘግብ መሸጥ የለበትም። ድምፅ ግን አንድ ዕጣ ያለውም አሥር ያለውም እኩል አንድ ነው።

ጥያቄ፦ 25 በመቶ እየጨመርን እንሸጣለን፣ ግን ትርፍ የለም። ለምን?

መልስ፦ ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ80 ገዝታችሁ 25 በመቶ ስትጨምሩ 100 ይሆናል፤ ከሽያጩ የቀራችሁ ግን 20 በመቶ ብቻ ነው። 25 በመቶ እንዲቀር መግዣው ላይ 33 በመቶ ገደማ መጨመር ያስፈልጋል።

አትክልት ላይ ይብሳል። በኪሎ 10 ከተገዛ 100 ኪሎ ቲማቲም 12 ኪሎው ቢጣል፣ የቀረው 88 ኪሎ እውነተኛ መግዣው 11.36 ነው፤ ዋጋ የሚተመነው ከዚህ ተነስቶ ነው። የሚጣለው በየቀኑ ይመዘን፣ ይጻፍ። ያልተጻፈ ብልሽት በቆጠራ ቀን ከስርቆት አይለይም።

ጥያቄ፦ አባል ሲለቅ ዕጣው ወዲያው ይመለስለታል?

መልስ፦ ገንዘቡ እኮ ስኳርና ዘይት ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል! መተዳደሪያ ደንቡ ጥያቄው በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ ክፍያው ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ በወረፋ እንዲሆን፣ በዓመት የሚመለሰውም ከካፒታሉ ከተወሰነ መቶኛ እንዳይበልጥ ይደንግግ። ያለዚህ ጥቂት ሰዎች ተከታትለው ሲወጡ ለአቅራቢ የሚከፈል ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ለአባል ዱቤስ?

መልስ፦ አይሰጥ። ዕቃው ሳይሸጥ 20 ቀን የሚቆይ ከሆነና አቅራቢው በ14 ቀን ክፍያ ከጠየቀ፣ የ6 ቀን ክፍተት አስቀድሞም አለባችሁ። የ30 ቀን ዱቤ ሲጨመርበት 36 ይሆናል።