የታይሮይድ ክኒኑን ከመጀመርሽ በፊት ኮርቲሶልሽ ይለካ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰባት ወር የማይለቅ ድካም፣ 11 ኪሎ መቀነስ፣ ከአልጋ ስትነሺ ማዞር፣ ፊትሽና እጅሽ መጥቆር። አሁን ደግሞ «ታይሮይድሽ ትንሽ ደክሟል» ተብሎ ክኒን ታዞልሻል። «ልጀምረው ወይስ ሌላ ሐኪም ልይ?» ነው ያልሽው። እኔ ጀምሬው ነበር። በዘጠነኛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ገባሁ።

የእኔ በሽታ አዲሰን ይባላል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ሁለቱ አድሬናል እጢዎች ኮርቲሶልና አልዶስቴሮን የሚባሉትን ሆርሞኖች ማምረት ሲያቅታቸው የሚመጣ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1855 ስለ በሽታው ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከቶማስ አዲሰን ነው። ያንቺም ይሄው ነው። (ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ «ሐኪም አይደለሽም» እያለኝ ነው። እሺ፣ ይመስለኛል።)

1. ኮርቲሶልሽን በጠዋት ተለኪ። በጠዋት ስልሽ 2 ሰዓት አካባቢ ማለቴ ነው። ይሄ ሆርሞን ጤነኛ ሰው ላይ ጠዋት ከፍ ይልና ወደ ማታ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ተቀድቶ ዝቅ ቢል «በዚህ ሰዓት ያው ይወርዳል» ይሉሻል፣ እውነታቸውን ነው። በዚያው ደም ኤሲቲኤች የሚባለውንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ አድሬናልን «ሥራ እንጂ!» እያለች የምትልክበት ሆርሞን ነው። ኮርቲሶሉ ዝቅ፣ እሱ ከፍ ካለ ችግሩ ያለው አድሬናሉ ላይ ነው። ቆዳችንን የሚያጠቁረውም የእሱ መብዛት ነው። ናሙናው በረዶ ላይ ካልተያዘ ቶሎ ይበላሻል፣ ስለዚህ ላቦራቶሪው እንደሚሠራው አስቀድመሽ ጠይቂ። የስቴሮይድ ክኒን፣ ቅባት ወይም የአስም መርጫ የምትጠቀሚ ከሆነ ተናገሪ፣ ውጤቱን ያዛባል። ከዚያ ሲናክተን የሚባል ምርመራ ሊያዝልሽ ይችላል። መርፌ ይወጉሽና ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ እንደገና ደም ይቀዳል። አያምም።

2. የሚያሳፍርሽንም ነገር ንገሪያቸው። እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ያን ሰሞን ጨው እልስ ነበር። ሌሊት ተነስቼ፣ መብራት ሳላበራ፣ ከዕቃው በጣቴ እየጠቀስኩ። ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኛል ብዬ ለባለቤቴ እንኳ ደበቅኩ። ሐኪሙ «ሌላ የሚሰማሽ ነገር አለ?» ሲለኝ «የለም» አልኩት። አልዶስቴሮን ሲጎድል ሰውነት ሶዲየምን በሽንት እንደሚያፈሰው፣ የጨው አምሮቱም ከዚያ እንደሚመጣ የት አውቄ! (ጆን ኤፍ ኬኔዲም ይሄው በሽታ ነበረበት፤ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር ደብቆታል። እሱስ ምርጫ ነበረበት፣ እኔ ምን ነበረብኝ?) መጥቆሬንም አላነሳሁም። ዘመድ ሁሉ «ፀሐይ ነው» ብሎኛል። ጠይም ለሆነ ሰው ደግሞ ማን ልብ ይላል?

ሐኪሙ ቲኤስኤች (ታይሮይድን «ሥራ» የሚለው ሆርሞን፣ ታይሮይድ ሲደክም ከፍ ይላል) 8.4 ሆኖ አየና የታይሮይድ ክኒን ጻፈልኝ። ክኒኑ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን የታይሮይድ ሆርሞን ሲጨመር ሰውነት ኮርቲሶልን ቶሎ ቶሎ ይጨርሳል። እጢዎችሽ ካልተኩት ያለችሽም ጥቂት ትሟጠጣለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቤ ይመታ ነበር፣ «መድኃኒቱ መሥራት ጀመረ» ብዬ ደስ አለኝ። በዘጠነኛው ቀን ማስመለስ ጀመረኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ መታጠቢያ ቤት ወደቅኩ።

ድንገተኛ ክፍሉን ባልናገር ይሻል ነበር፣ ግን አልችልም። ምዝገባ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ጨጓራ ነው? ቁጭ በይ፣ ተራሽ ሲደርስ ትጠሪያለሽ» አለች። መቀመጥ አልቻልኩም፣ አግዳሚው ላይ ጋደም አልኩ። «እዚህ አይተኛም!» ተቆጣችኝ። ነርሷ በተኛሁበት ግፊቴን ለክታ 90/60 ሲሆን «ቀጭን ስለሆንሽ ነው» አለችና ሄደች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩ! የቀዶ ጥገና ሐኪም ሳይቀር ተጠርቶ ሆዴን ሲጫን ነበር። ለጥቂት ነው ያልቀደዱኝ።

ሌሊት ተረኛው ተቀየረ። አዲሱ ሐኪም ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ በእንቅልፍ። ደግፎ አስነሳኝና ግፊቴን ቆሜ ለካ፣ ላይኛው 68 ሆነ። ከዚያ መዳፌን ገለጠ። መስመሮቹ ከሰል የነኩ ይመስሉ ነበር። ድዴን አየ። የድሮ የቃጠሎ ጠባሳዬን አየ፣ እሱም ጠቁሯል። «ጨው ያምርሻል?» ሲለኝ አለቀስኩ። ሶዲየሜ ወርዶ 121፣ ፖታሲየሜ ወጥቶ 6.1 ነበር። የኮርቲሶሉን ውጤት አልጠበቀም። ደም ቀዳ፣ ወዲያው ኮርቲሶልን የሚተካውን መድኃኒት፣ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በደም ስሬ ሰጠኝ፣ ሳላይን (የጨው ውሃ) ተሰቀለልኝ። ጠዋት ራበኝ። በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ! ውጤቱ ከአራት ቀን በኋላ መጣ፣ 1.8 ማይክሮግራም በዴሲሊትር። ጠዋት ከ3 በታች ከሆነ ብዙም አያጠራጥርም። የእኔ የተቀዳው ሌሊት ቢሆንም፣ በዚያ ሁሉ ማስመለስና ውድቀት ላይ ሰማይ መንካት ነበረበት።

ስለዚህ ለሐኪምሽ «ታይሮይዱን ከመጀመሬ በፊት የጠዋት ኮርቲሶሌን እዩልኝ» በይው። ሁለቱም በሽታ አብረው ያሉበት ሰው አለ፤ ለእሱም መጀመሪያ ኮርቲሶሉ ይተካል፣ ታይሮይዱ ይከተላል። የእኔ ቲኤስኤች ሃይድሮኮርቲዞን ከጀመርኩ በሦስት ወሩ ራሱ ወረደ። ዛሬ የታይሮይድ ክኒን የሚባል አልወስድም። ካስመለሰሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ቁጥሬ ጠፋብኝ። 3 ይሁን፦ ኑሮው አይከብድም። ሃይድሮኮርቲዞን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ትልቋን ጠዋት እንደነቃሁ። የመጨረሻዋን ካስመሸኋት እንቅልፍ የለም። አልዶስቴሮንን የሚተካው ፍሉድሮኮርቲዞን ደግሞ ጠዋት አንዴ። ትኩሳት ሲኖረኝ ሐኪሜ በጻፈልኝ መሠረት መጠኑን እጥፍ አደርጋለሁ። ካስመለሰኝ ክኒኑ ስለማይቀመጥ የሃይድሮኮርቲዞን መርፌው ነው፤ ባለቤቴ መውጋት ተምሯል፣ ብርቱካን ላይ ተለማምዶ። በራስ ፈቃድ ማቆም የለም። ቦርሳዬ ውስጥ «አዲሰን አለባት፣ ሃይድሮኮርቲዞን ስጧት» የሚል ካርድ አለ። ያችን የምዝገባ ልጅ እያሰብኩ በትልልቁ ነው ያስጻፍኩት።

ክኒኑን ወዳዘዘልኝ ሐኪምም ተመልሼ ሄጃለሁ። ውጤቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ረጅም ጊዜ አየው። «ጨው እንደምትልሺ አልነገርሽኝም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልነገርኩትም። እሱም ግን እጄን አላየም።

አሁን መዳፍሽን ወደ ብርሃን አዙሪና እዪው። መስመሮቹ ጠቁረዋል? ድድሽስ? ፎቶ አንሽው፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተነሳሽውንም ፈልጊና ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ጻፊልኝ፣ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት ጨምረሽ።