የዛገው አክስል፦ ብሩሽ ከማንሳትዎ በፊት ይክፈቱት

ጥያቄ፦ «ስምንት ዓመት ሜዳ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ገዛሁ። የኋላ አክስሉን ዝገት በልቶታል፤ ቅርፊቱ በእጅ ይነሳል። በስተኋላ ያለውን ክብ ክዳን በካቻቢቴ ብጫነው ሰርጎ ገባ። የዘይት ማውረጃውን ብሎን ስፈታ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ወተት የመሰለ ዘይት ወጣ። በያጁ "ላሜራ ለጥፌ አዲስ አደርግልሃለሁ" ይለኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ "በኪሎ ሽጠህ ተገላገል" ይላል። የቱን ልስማ?»

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይስሙ። ሁለቱም የፈረዱት ከውጭ አይተው ነው።

ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ያብጣል። ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቅርፊት ሲረግፍ በእውነት የጠፋው ብረት ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ዓይን የሚያስፈራው ቅርፊቱ ነው፤ አክስልን የሚጥለው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ የተደበቀ ጉዳት ነው።

ካቻቢቴው የገባበትን ክዳን በተመለከተ በያጁ ልክ ነው። ያ ክዳን ስስ ላሜራ ነው፤ ሥራው ዘይት መያዝ እንጂ ጭነት መሸከም አይደለም። የተበላው ተቆርጦ ወጥቶ፣ ውስጡ ከዘይት በደንብ ከጸዳ በኋላ ጤነኛ ብረት ላይ ቢበየድ ያገለግላል። ያው ካቻቢቴ በባሌስትራው (ጭነቱን በሚሸከመው የተደራረበ ብረት ሞላ) መቀመጫ አጠገብ ቢገባ ኖሮ ግን ጨዋታው እዚያው ያበቃ ነበር። ጭነቱ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ላሜራ ቢለጠፍበት ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ውሃው ነው። አክስል ላይ መተንፈሻ የምትባል ትንሽ ቀዳዳ አለች። መኪናው ሲሠራ የጋለ አክስል ውሃ ውስጥ ሲገባ የውስጡ አየር ይቀዘቅዝና ይሰበሰባል፤ መተንፈሻዋ በጭቃ ከተደፈነች ወይም ክዳኗ ከወለቀ ውሃውን ባገኘው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይተኛል። የእርስዎ መኪና ደግሞ ስምንት ዓመት አልተንቀሳቀሰም። ይህ ማለት የኮሮናው (አክስሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ባለጥርስ ጎማ) የታችኞቹ ጥርሶች ያን ሁሉ ጊዜ ውሃ ውስጥ ተነክረው ኖረዋል።

እዚህ ላይ ራሴ የተታለልኩበትን ልንገርዎት። ወጣት ሳለሁ አንድ አክስል ሁለት ቀን ሙሉ ቦርሼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ በኋላ ነው የከፈትኩት። ከላይ የሚታዩት ጥርሶች ያበሩ ነበር። ኮሮናውን ግማሽ ዙር ሳዞረው የታችኞቹ የማር እንጀራ መስለው ብቅ አሉ። ከዚያ ወዲህ ውስጡን ሳላይ ብሩሽ አላነሳም። እርስዎም ኮሮናውን ሙሉ ዙር ያዙሩትና እያንዳንዱን ጥርስ በጥፍርዎ ይዳስሱ። ቀለም ብቻ የሆነ ዝገት በዘይትና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ግን ጥርሱ የሚገፋበት ፊት ላይ ካለ አይድንም፤ ጥንካሬው የላይኛው ስስ ንብርብር ላይ ስለሆነ ሞርዶ ማስተካከል አይቻልም። ኮሮናና ፒኞን (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ባለጥርስ) አብረው የተሠሩ ጥንዶች ናቸውና አንዱን ብቻ መቀየርም አያዋጣም፤ መጮህ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ይበላል። ኩሽኔታዎቹን (ዘንጎቹ የሚዞሩባቸውን ቀለበቶች) እና ኦይል ሲሎቹን (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግዱትን) መመርመር ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁሉንም ይቀይሩ።

ውስጡ ካለፈ ወደ ጫፎቹ ይሂዱ፤ የጎማው ኩሽኔታዎች ወደሚቀመጡበት ቦታ። እዚያ ተራው መለኪያ ካሊፐር አይበቃም፣ ከእሱ የረቀቀው ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። ዙሪያውን በሁለት ሦስት አቅጣጫ ለክተው ከአዲሱ ኩሽኔታ የውስጥ ስፋት ጋር ያነጻጽሩ። ኩሽኔታው የሚላወስ ከሆነ ጫፉ ተበልቷል። ኦይል ሲል የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ከተጎዳ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስስ የብረት ቀለበት ይገባበታል። ጫፉን ራሱን በብየዳ ሞልቶ ቶርኖ ላይ ማስተካከልን ግን አልመክርም። ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሻል፤ ስብራቱ የሚመጣው ደግሞ ተጭኖ ሲሄድ ነው። የፊት አክስል ቢሆን ኖሮ ወሬውም ባላስፈለገ፦ ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት ስለሆነ ጭራሽ አይበየድም።

ስንጥቅ ለመፈለግ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። የባሌስትራ መቀመጫውንና የፍሬኑ ሳህን የተያዘበትን ዙሪያ እስከ ንጹህ ብረት ያጽዱ፤ ነጭ ጋዝ ይቀቡና ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ ጠርገው ያድርቁና ጠመኔ ይቀቡበት። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ጋዝ መልሶ ይተፋል፤ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ዓይን የማያየው በጣም ቀጭን ስንጥቅ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ከባድ ጭነት የሚጭኑበት ከሆነ ለዚሁ በተሠራው ቀይ ቀለም ደግመው ያስፈትሹ። ከዲፈረንሻል (ኮሮናና ፒኞን ካሉበት መሃል) ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሱት ሁለቱ ዘንጎች ላይ ጉድጓድ ካለ፣ ወይም የጫፋቸው ጥርስ ትንሽ እንኳ ከተጠማዘዘ ይጣሉ። እነሱን ማዳን ትርፍ የለውም።

ዝጎ የተያዘ የፍሬን ታምቡር ለማስለቀቅ የጋዝ ችቦ የሚያነሱ ከሆነ በቅድሚያ የዘይት ብሎኖቹን ሁሉ ይክፈቱ። በታሸገው የአክስሉ ቤት (ውስጡን በሚያቅፈው የውጭ አካሉ) ውስጥ የቀረ ዘይት ሲግል እንፋሎቱ ይታመቃል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ታምቡሩ ሲወልቅ የሚታየውን አቧራ በአየር አይንፉ፤ የድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ (ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ) ሊኖር ስለሚችል በውሃ አርጥበው ይጥረጉት። ዝገት ለማስለቀቅ አሲድ እነክራለሁ የሚሉ ከሆነ ደግሞ ጥርሶቹንና ዘንጎቹን አያስገቡ፤ አሲድ የጠነከረን ብረት ተሰባሪ ያደርጋል። ለቤቱ አሸዋ መንፋት ይሻላል፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከተደፈኑ። የተነፋው ብረት እርቃኑን ማደር የለበትም፣ የመጀመሪያው ቀለም በዚያው ቀን ይግባ።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ጫፎቹና የባሌስትራ መቀመጫዎቹ ደህና ከሆኑ ቤቱ ይድናል፤ ክዳኑ ይበየዳል፣ ውስጡ የሚፈልገው ይቀየርለታል። ከሁለቱ አንዱ ከወደቀ የጓደኛዎ ምክር ይሠራል፤ ደህና ያገለገለ አክስል ፈልገው ይግዙ። ቤቱ ድኖ ኮሮናና ፒኞኑ ብቻ ከወደቁ ግን ሒሳብ ይሥሩ፦ የጥንዱ፣ የኩሽኔታዎቹና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ከሙሉ ያገለገለ አክስል ከበለጠ እኔ ሙሉውን እገዛለሁ።

አሮጌውን በኪሎ ከመሸጥዎ በፊት ግን የኮሮናውንና የፒኞኑን ጥርስ ይቁጠሩ። ለምሳሌ 41 እና 7 ከሆነ፣ ሲካፈል 5.86 ገደማ ይመጣል፤ የሚገዙትም ያንኑ ቁጥር መስጠት አለበት። ካልሆነ መኪናው ወይ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ወይ ሜዳ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ የፍጥነት መቁጠሪያውም ይሳሳታል። ሻጩ «ያው ነው» ቢልዎት እንኳ ክዳኑን አስከፍተው ራስዎ ይቁጠሩት።