ደብተሩን አያስውቡት

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉ አሜሪካ ሆነው ጋራዣቸው ውስጥ አውሮፕላን ከሚገጣጥሙ አንባቢዎች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ አራት ዓመት የሠራሁትን በደብተር የጻፍኩት በአማርኛ ነው፤ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር። የመብረር ፈቃድ ምርመራው ሳይደርስ በእንግሊዝኛ ልገልብጠው? (ከዴንቨር)

መልስ፦ እባክዎ አይገልብጡት! አራት ዓመት የኖረ ደብተር ቅባት ይነካዋል፣ የብዕሩ ቀለም ይለያያል፣ ስርዝ ድልዝ ይበዛበታል። በአንድ ሳምንት የተገለበጠ ከሩቁ ያስታውቃል። የአሜሪካው አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ኤፍኤኤ በ«አማተር» ምድብ የሚቀበልዎት አብዛኛውን ሥራ፣ ሰው 51 በመቶ የሚለውን ማለት ነው፣ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው የሠሩት መሆኑን ሲያምን ነው። ለዚህ ምስክርዎ ያው የቆሸሸው ደብተር ነው። በየገጹ ዳር አጭር እንግሊዝኛና የፈረንጁን ቀን ያክሉ፤ መቼ እንዳከሉትም ይጻፉ። ቀኑን ችላ አይበሉ፦ የክንፉ ደረሰኝ 2022፣ ደብተርዎ 2014 ካለ፣ ክንፉን ከመግዛትዎ 8 ዓመት ቀድመው የሠሩት ይመስላል። ፎቶ ሲነሣም እርስዎ ይታዩበት። የእኔ ፎቶዎች ሪቬት (ቆርቆሮ ማያያዣ ሚስማር) በሪቬት ነበሩ፤ ማን እንደመታው የሚናገር አንድም አልነበረም።

ጥያቄ፦ መካኒክ የሆነው ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ያግዘኛል። ይጎዳኛል?

መልስ፦ ደቦ አይጎዳም። ከፍለው ያሠሩት ግን እንደ አማተር ሥራ አይቆጠርም። ማን ምን እንደሠራ ለይተው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ለምርመራው ቀን አጥቤ፣ ሁሉንም ገጥሜ ልጠብቅ?

መልስ፦ ማጠቡን ይጠቡት፤ ኮፈኖውንና የመመርመሪያ ክዳኖቹን ግን ፈተው ይጠብቁ። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ሆዱን ሊያይ ነው። ሰው የሚረሳው ጥቃቅኑን ነው፦ እሳት የማይበላው የመለያ ሰሌዳ፣ የተሳፋሪ ማስጠንቀቂያ፣ በመግቢያው አጠገብ ከ2 እስከ 6 ኢንች ቁመት ባለው ፊደል የሚጻፈው «ኤክስፐሪሜንታል» (የሙከራ)። ባዶ ክብደቱንም ከኪቱ (ከሚገጣጠሙት ዕቃዎች ጥቅል) መመሪያ አይቅዱ፤ ሦስቱንም ጎማ ሚዛን ላይ አውጥተው የእርስዎን አውሮፕላን ይመዝኑ።

ጥያቄ፦ ፈቃዱን ባገኘሁበት ቀን ልጄን ይዤ ልብረር?

መልስ፦ አይሆንም። እንደ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት፣ በተወሰነልዎ ቀጠና ውስጥ፣ ያለ ተሳፋሪ ይሞክሩታል። ልጅዎ እስከዚያው መሬት ላይ ሆኖ ሰዓቱን ይመዝግብልዎ።