የሀሪኬን ዝናብ ማጥናት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄው የመጣው ከሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው። ጠያቂዋ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። በ2017 እ.ኤ.አ. ሀሪኬን ሃርቪ፣ ከውቅያኖስ የተነሳው ግዙፍ አዙሪት ማዕበል፣ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ ልጅ ነበረች። ራዳር ላይ ያየቻቸው ጥምዝ የዝናብ ቀበቶዎች እስከዛሬ ከልቧ አልወጡም። ቤተሰቦቿ ግን ነርሲንግ ተማሪ ይሏታል። «ይሄ ነገር ሥራ ይሆናል ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ይሆናል። ግን «የዝናብ ቀበቶ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። የሚቀጥሩሽ ራዳር ማንበብ፣ ሒሳብና ኮድ ስለምትችዪ ነው። ቀበቶው የምርምር ጥያቄሽ ይሆናል።

ቀበቶው ራሱ ምን መማር እንዳለብሽ ይነግርሻል። ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ ይመስላል፤ አይደለም። ነፋሱ በሚገባበት ጫፍ ደመናው ገና ወጣት ነው፤ ሽቅብ ይፈላል፣ ዶፍ ይጥላል። እየተጠማዘዘ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲሄድ ያረጃል፤ ዝናቡም ሰፋና ረጋ ይላል። ይሄን ለመለየት የራዳርና የደመና ፊዚክስ ያስፈልጋል። ወደ ዓይኑ፣ ማለትም ወደ ማዕበሉ ጸጥ ያለ መሃል፣ የቀረቡት ቀበቶዎች ደግሞ ብዙዎቹ በአዙሪቱ ውስጥ ከሚጓዙ ሞገዶች ጋር ይያያዛሉ። እዚህ ጋ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (ነገሮች እንዴት እንደሚለወጡ የሚያሰላው ሒሳብ) የማይችል ሰው ይቆማል። ዓይኑን የከበበው የኃይለኛ ደመና ቀለበት ግድግዳ ይባላል፤ አንዳንዴ ቀበቶዎቹ ከእሱ ውጭ ዓይኑን ከበው ሁለተኛ ግድግዳ ይሠራሉ። የውስጠኛው ግድግዳ ይከስማል፣ ኃይለኛው ነፋስ ለጊዜው ይረግባል፣ ማዕበሉ ግን ይሰፋል። በ2005 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አውሮፕላን ላይ በተጫነ ራዳር ይሄንኑ ሀሪኬን ሪታ ውስጥ ተከታትለውታል። እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ ይሄ ነው። የማዕበሉን ጥንካሬ መተንበይ ከሚያስቸግርባቸው ምክንያቶች አንዱም እሱ ነው።

ለቤተሰቦችሽ ግን ሃርቪን ንገሪያቸው። ዓይኑ የብስ የረገጠው የቴክሳስ የባሕር ዳርቻ ከተማ በሆነችው ሮክፖርት አጠገብ ነው፣ ከእናንተ ብዙ ርቆ። ሂውስተንን ያጥለቀለቃት ቀበቶው ነው። ማዕበሉ አልንቀሳቀስ ብሎ ስለቆየ ዝናቡ ደጋግሞ እዚያው ወረደ፤ ኔደርላንድ በምትባለው የቴክሳስ ከተማ አካባቢ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ተለክቷል። የዚህ ዓይነቱን ዝናብ ቀድሞ የሚናገር ሰው ደሞዝ ይከፈለዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ለሜትሮሎጂስትነት (ለአየር ሁኔታ ባለሙያነት) 24 ክሬዲት ሜትሮሎጂ ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ 6ቱ የከባቢ አየር ዳይናሚክስና ቴርሞዳይናሚክስ፣ ማለትም የአየር እንቅስቃሴና የሙቀት ትምህርት፣ ናቸው። ፊዚክስና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንም አለበት። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ይሰጣል፤ ለአንቺ ቅርብ ነው። ለትንበያ ሥራ የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃል፤ ለምርምር ግን ማስተርስ፣ ብሎም ፒኤችዲ ያስፈልጋል። ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ትንበያ የሌሊት ፈረቃ አለው፤ የመንግሥት ቅጥርም በበጀት ይወጣል ይወርዳል። ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ይህን እውቀት ይፈልጋሉ፣ እነሱን አትርሺ።

የአሜሪካ ዜግነት ካለሽ የኖዋን (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) የሆሊንግስ ስኮላርሺፕ ሞክሪ። ማመልከቻ የሚገባው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽን አስተማሪ ግን ከአሁኑ ተዋወቂ፤ ቢሮው ሄደሽ ስለ ሪታ ጠይቂው።