የአያታችሁን የክርስትና ስም ታውቃላችሁ?

አያቴ ያረፉት ማክሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። እኔ የሰማሁት ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው። ወዳጆቼ ወሬው በማግሥቱ ደርሷቸው «ሥራ ቦታ ሆኖ ከሚሰማ ቅዳሜ ይሻላል» ተባብለው አቆዩት። በሩን ስከፍት የሴቶቹን ነጠላ አዘቃዘቅ አየሁና ሳይነግሩኝ ገባኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጸሎት እንዲደረግላቸው ለመንሁ። ቄሱ እስክሪብቶ አወጡና «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። የዓለም ስማቸውንማ እንዴት አላውቀውም? ከአገር ከወጣሁበት ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ የምጠራው በእሱ ነው። ፓስፖርታችን የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ደርድሮ ይሰጠናል፤ ፈረንጅ ደግሞ የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዘዋል። ደመወዜ የሚወጣው በአያቴ ስም ነው። ሐኪም ቤት ወረፋዬ ሲደርስ የሚጠሩት አያቴን ነው። ልጆቼም ትምህርት ቤት የሚታወቁት በእሳቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን ስም ግን አላውቅም ነበር።

ከቅጥር ግቢው ሳልወጣ መንዝ ላለችው አክስቴ ደወልሁ። እሷም ቶሎ አልነገረችኝም። የድሮ ሰው የክርስትና ስሙን ለማንም አይሰጥም፤ ጠንቋይ እጅ እንዳይገባ ይፈራል። «አጠገብህ ማን አለ?» አለችኝ። ቄሱ ብቻ መሆናቸውን ነግሬ ካሳመንኋት በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ለአራት ቀን ያልተነገረኝ የአባቷ መሞት ሳይሆን የስማቸው ምሥጢር መሆን ያን ዕለት ትንሽ አስቆኛል።

እናም በውጭ ለምትኖሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው፤ አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ጠይቁ። የክርስትና ስማቸውን፣ የተጠመቁበትን ደብርና የታቦቱን ስም፣ የነፍስ አባታቸው ማን እንደሆኑ። ካረፉና የሚያውቅ ዘመድ ካጣችሁ ወደ ነፍስ አባታቸው አስጠይቁ፤ ቄሱ ያንን ስም በየጸሎቱ ሲጠሩት ኖረዋልና አይጠፋባቸውም።

የዕድሜ ነገር ግን ሌላ ሙያ ይጠይቃል። አረጋዊን «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። የአያቴ መታወቂያ መስከረም 1 ቀን 1925 ይላል፤ ጸሐፊው ከራሱ ያወጣው ቀን ነው። እሳቸው ደግሞ «ንጉሡ ዘውድ ሲጭኑ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይሉ ነበር። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው። በመታወቂያው ከሄድን አያቴ ከመወለዳቸው ሁለት ዓመት በፊት ጥጃ ጠብቀዋል ማለት ነው።

እውነቱን ያወጣው ዳዊታቸው ነው። ሲደግሙት የኖሩት የብራና ዳዊት ነበራቸው፤ ከማኅደሩ ጋር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የአጎቴ ልጅ ገጾቹን በስልኩ አንሥቶ ሲልክልኝ በኅዳጉ ላይ የተጻፈ አየሁ፤ አያቴ የተወለዱት በዘመነ ማርቆስ ነው ይላል፣ ዓመቱ ግን የለም። ዘመኑን ለማወቅ ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉት፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። በዚያ አካባቢ ማርቆስ የሚሆኑት 1914፣ 1918 እና 1922 ናቸው። በ1922 የተወለደ ሕፃን ዘውዱ ሲጫን ገና በጡት ላይ ነው። የ1914ቱ ልጅ ደግሞ ጥጃ ሳይሆን ከብት ይዞ ሜዳ የሚወርድ ነው። ጥጃ የሚጠብቅ የአምስት ዓመት ልጅ የ1918 ነው። ስለዚህ የማይጨው ጦርነት በ1928 ሲሆን አሥር ዓመታቸው ነበር፤ ከዘመቻው ያልተመለሰ አጎት እንደነበራቸው ሲያወሩ ለምን እንደ ሕፃን ያለቅሱ እንደነበርም ያኔ ገባኝ። ለልጅ አጎት ብዙ ነገር ነው።

እናንተም እንዲህ ጠይቁ። ጣሊያን ሲገባ ምን ይሠሩ ነበር? በ1967 መሬት ለአራሹ ሲባል መሬታቸው ምን ሆነ? በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማን መጣባቸው፣ ማንን አበሉ? አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ ዝም በሉ፤ ስልኩን እየቀዳ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ሰባት ቤት ሲቆጥሩ አታቋርጧቸው፤ ካቋረጣችኋቸው ከመጀመሪያው ነው የሚጀምሩት።

ስለ ዳዊቱ አንድ ነገር ልጨምር። ለመታሰቢያ ብላችሁ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ በሻንጣ ይዛችሁ ልትወጡ አታስቡ። ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣት በሕግ ክልክል ነው፤ ከዚያም በላይ አገር ቤት የሚደግመው ሰው ካለ እዚህ መስታወት ውስጥ ምን ይሠራል? ፎቶግራፉ ይበቃል። ኅዳጉንም አብራችሁ አንሡ።

ወደ ተዝካሩ ልምጣ። ሣልስት፣ ሰባት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፤ ከነዚህ ትልቁ አርባ ነው። ቀብር ያልደረሰ ሰው በአርባው ካሳውን ሊከፍል ይሞክራል። እኔም ሞክሬአለሁ። የበሬ መግዣ ልላክ ብዬ ለአክስቴ ስደውል «ልጄ፣ አርባው እኮ ታኅሣሥ 14 ነው፣ የገና ጾም ነው» አለችኝ። ጾሙ ኅዳር 15 እንደሚገባ ረስቼው ነበር። አገር ቤት የተደገሰው ሽሮና ክክ፣ ንፍሮና ዳቦ፣ ጠላ ነበር። ካህናትና ነዳያን በሉ፣ ተበቃ። ከመላካችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩ፣ ጾሙን አጣሩ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚበቃውን እዚያ ያለው ሰው ይወስን። የሌለ ሰው ያዘዘው ድግስ ላለው ሰው ዕዳ ሆኖ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያልበላሁት በሬ ገንዘብ ለአክስቴ ተሰጠ። አባቷን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያጠበችና ያጎረሰች እሷ ናት፤ እሷን ማን አሰባት?

ፎቶግራፍ ስትሰቅሉ ከሥሩ «እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉ። የአያቴን ጉርድ ፎቶ አስተልቄ 2004 ብዬ ብቻ ስጽፍበት እዚህ የተወለደው ልጄ «እኔ ሳልወለድ ነው እንዴ የሞቱት?» አለኝ። ሲያርፉ አምስት ዓመቱ ነበር፤ በስልክም መርቀውታል።

ስለ መርዶም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔ ለወዳጆቼ «ሲደርሳችሁ ወዲያው ንገሩኝ፣ ማክሰኞም ቢሆን» ብያቸዋለሁ። ለሌላው ሰው ቅዳሜ ይሻለው ይሆናል፤ ዋናው እናንተ የምትፈልጉትን ማወቃቸው ነው። የሙስሊም ወዳጄ ዘመዶቹን እዚያው ዕለት ስለሚቀብሩ እሱ ሳይነገረው ቢውል ኖሮ በቀብሩ ሰዓት ዱዓ እንኳ አያደርግም ነበር፤ የሱ ቤተሰብ ስልክ ለመደወል ሰዓት አይመርጥም።

አክስቴ አሁን 70ን አልፋለች። ባለፈው ዓመት የእሷንም የክርስትና ስም ጠየቅኋት። «ምነው፣ ልትቀብረኝ ቸኮልህ?» ብላ ሳቀችና ወሬ ቀየረች። ከሳምንት በኋላ በልጇ ስልክ የድምፅ መልእክት መጣ። ለረጅም ጊዜ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል፣ «በሩን ዝጋው» ትላለች ለልጇ፣ ከዚያ አንድ ቃል።