የአዌቱ ውሃ የት ይደርሳል? የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

በወር አንድ ቅዳሜ ጅማ ውስጥ አንዲት ቤት እንሰበሰባለን። መጽሐፍ የምንዋዋስ ሰዎች ነን። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ ስላነበብነው እንጫወታለን። ያለፈው ቅዳሜ ተራው የእኔ ነበር። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማስተማር ስለሆነ መጽሐፉን ትተን "የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" አልኩ። ጥያቄው በብጣሽ ወረቀት እየተጻፈ ሰፌድ ላይ ተጠራቀመ። ያልመጣችሁት "ጻፍልን" ስላላችሁኝ ይኸው።

ጥያቄ (ከአስረኛ ክፍል ተማሪ)፦ ጋሼ፣ አዌቱ ባህር ይደርሳል?

መልስ፦ አይደርስም። ጥያቄህን ግን በጣም ወድጄዋለሁ። ሁላችንም በየቀኑ ድልድዩን እንሻገራለን፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ግን አንጠይቅም። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አዌቱ ከተማችንን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። ከዚያ ግልገል ጊቤ ይቀበለዋል። ግልገል ጊቤ ደግሞ ትልቁ ጊቤ ውስጥ ይገባል። ጊቤ ወደ ደቡብ እየወረደ ሲሄድ ስሙ ይቀየርና ኦሞ ይባላል። ኦሞም ኬንያ ድንበር ላይ ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ቱርካና መውጫ የለውም። የገባበት ውሃ የሚወጣው ወደ ሰማይ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ታተነዋለች። ውሃው ሲተን ጨዉ ይቀራል። ሐይቁ ጨው ጨው የሚለው ለዚህ ነው። ወደ ቱርካና ከሚገባው የወንዝ ውሃ 90 በመቶ ያህሉን የሚያመጣው ኦሞ ነው። በዚያ በረሃ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው የእኛን ዝናብ ነው የሚጠብቀው።

ይህ ጉዳይ በአንድ ወቅት የአውሮፓን ጂኦግራፊ አዋቂዎች አጨቃጭቋል። አንዳንዶቹ ኦሞ ወደ ምዕራብ ዞሮ ናይልን የሚገናኝ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ቴሌኪ የሚባል የሃንጋሪ መኳንንት ከደቡብ መጥቶ ሐይቁ ዘንድ ደረሰ፤ በኦስትሪያው ልዑል ስምም ሩዶልፍ አለው። በ1896 ቦቴጎ የሚባል ጣሊያናዊ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ እዚያው ሐይቅ ውስጥ እንደሚገባ አረጋገጠ። በወንዙ አፍ ላይ ለሚኖረው ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ከብቱን የሚያጠጣው እዚያ ነዋ!

ውሃው በመንገዱ ሥራ አይፈታም። ግልገል ጊቤ አንድ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ቆሟል። ከእሱ የወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ውስጥ ገብቶ ጊቤ ሁለት ላይ 420 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ይደረጋል። ታች ወርዶ ደግሞ ጊቤ ሦስት ይጠብቀዋል፤ 1,870 ሜጋ ዋት። ያው አንዱ ውሃ ሦስት ጊዜ መብራት ሆኖ ነው ቱርካና የሚደርሰው።

አሁን ደግሞ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝን ልንገርህ። ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄድ የሆነ ከፍታ ላይ፣ ሳታውቀው፣ አንድ ድንበር ትሻገራለህ። ከዚያ ወዲያ ማዶ የወረደው ዝናብ ወደ ዴዴሳ ይሄዳል። ዴዴሳ የአባይ ገባር ነው። አባይ ደግሞ ሜዲትራኒያን ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ከፍታ ላይ ቤት ቢኖርህ ከአንዱ የጣሪያህ ጎን የወረደው ጠብታ ቱርካና፣ ከሌላው ጎን የወረደው እስክንድርያ አካባቢ ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄ (ከጋምቤላ ተዛውራ ከመጣች ነርስ)፦ ቦሎቄ እዚህ ለምንድነው የማይበስልልኝ? እዚያ እኮ ቶሎ ነበር።

መልስ፦ ጥፋቱ የአንቺም የቦሎቄውም አይደለም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በውሃው ላይ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ሳይግል ቶሎ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ መፍያው አንድ ዲግሪ ይወርዳል። ጅማ 1,700 ሜትር ያልፋል፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጋምቤላ 98 ይጠጋል። አዲስ አበባ 92 ነው። እሳት ብትጨምሪበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ማታ ዘፍዝፈሽ እደሪ፤ ወይ ፕሬሸር ኩከር ግዢ። እንፋሎቱን አምቆ ሙቀቱን ወደ 120 ዲግሪ ያደርስልሻል።

ጥያቄ (ከባጃጅ ሹፌር)፦ የድሮ ነገሥታት "አባ" "አባ" የሚባሉት ቄስ ስለነበሩ ነው? አባ ጅፋር ግን ሙስሊም ናቸው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነው የኖርኩት። የፈረስ ስም ነው! "አባ" እዚህ ላይ "ባለቤት፣ ጌታ" ማለት ነው። ጅፋር የፈረሱ ስም ነው። ፈረስ የሚጋልብ ጦረኛ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። በጦር ሜዳ የሚፎከረውም በእሱ ነው። ወግ ያለው ሰው በልደት ስሙ አይጠራም።

ልማዱ ደግሞ ሃይማኖትም ብሔርም አይለይም። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው። አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። ራስ አሉላ አባ ነጋ። ፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ አባ መላ። ራስ መኮንን አባ ቃኘው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የዘመተው ጦራችን "ቃኘው ሻለቃ" የተባለው ከዚያ መጥቶ ነው። አስቡት፤ የአንድ ፈረስ ስም ነው ኮሪያ ድረስ የዘመተው።

የእኛዎቹ ላይ ግን ልማዱ ከሁሉም የጠነከረ ይመስለኛል። የጅማ ነገሥታት ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አባ ነው፤ አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል። ሁለት አባ ጅፋሮችም አሉ። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸውን የምናየው ሁለተኛው ናቸው፤ ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ገዙ። 54 ዓመት ማለት ነው። ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው አቆዩ። በዚያ ዘመን ስንቱ ግዛት በጦርነት ሲወድም ጅማ ገበያዋ ሳይፈርስ የቆየው በዚህ ብልሃት ነው። እኔ በግሌ ሁልጊዜ ከሚወራው ከቁመታቸው ርዝመት ይልቅ ይህ ቢወራላቸው እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከአናጺ)፦ የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር የሆነው ለእንጨት ቁጠባ ነው?

መልስ፦ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ መልሱ ግን ጂኦሜትሪ ነው። በማንኛውም ሦስት ነጥብ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ልክ ብሎ ያርፋል። አራተኛ ነጥብ ሲመጣ ነው ጣጣው። አራት እግር ያለው ወንበር ወለሉ ትንሽ ከተበላሸ አንዱ እግር ይንሳፈፋል፤ ይወዛወዛል። ባለ ሦስቱ በጭቃ ወለልም በሣር ላይም ቀጥ ይላል። ጉልቻስ ለምን ሦስት ሆነ? ለዚሁ ነው። የካሜራ ማቆሚያውም ሕጉ ያው ነው።

ጥያቄ (ሁለት ሰዎች፣ አንድ ወረቀት)፦ ቡና የተገኘው ጮጬ ነው ወይስ ከፋ?

መልስ፦ ጮጬ እዚሁ ጅማ ዞን ያለች መንደር ናት፤ ከፋ ደግሞ ጎረቤታችን ነው። ቤቱ እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈለ። እኔ በሁለቱም ወገን አልቆምም። አረቢካ ቡና የበቀለው በደቡብ ምዕራቡ ደጋ ደን ውስጥ ነው፤ ይህ አያጠራጥርም። ዛፉ ግን የወረዳ ድንበር አያውቅም። ስለ ፍየሎቹና ስለ እረኛው የሚወራው ታሪክ ደግሞ በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም በታተመ መጽሐፍ ነው። "ካልዲ" የሚለው ስም እዚያ ውስጥ የለም፤ በኋላ የተጨመረ ነው።

ከፍየሉ ታሪክ ይልቅ የዛፉ ታሪክ ይበልጥ ያስደንቃል። አረቢካ ዲቃላ ነው። አንዱ ወላጁ ሮቡስታ ነው። ሌላው ዩጀኒዮይደስ የሚባል የምሥራቅ አፍሪካ ቡና ነው። እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም አላቸው። ልጅ ሲወለድ እንደ ወጉ ከእናትም ከአባትም ግማሽ ግማሹን ነው የሚወስደው። አረቢካ ግን የሁለቱንም ሙሉውን ወረሰ፤ 44 ሆነ። ብዙዎቹ የቡና ዝርያዎች የሌላ ዛፍ የአበባ ብናኝ ካላገኙ አያፈሩም። አረቢካ በራሱ ብናኝ ያፈራል። አንድ ችግኝ ይዞ ባህር ለተሻገረ ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነበር።

እዚህ ላይ አንዲት እናት ጣልቃ ገቡ። "ልጆቼ ሰባ አራት አንድ አስር የሚሉት ቡና አለኝ። ቁጥሩ ምንድነው?" አሉኝ። እማማ፣ ያ ቁጥር የዚሁ የሰፈራችን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 እሸት ፍሬውን የሚያጠቁር ፈንገስ ኢትዮጵያ ገባ፤ ገበሬው ሲቢዲ የሚለው። ቡናው ዛፍ ላይ እያለ ይበሰብሳል። የብዙ ሰው ማሳ አለቀ። የመልኮ የምርምር ሰዎች መድኃኒት ከውጭ አልጠበቁም። ደን ገብተው በሽታው መሃል ሆነው ያልታመሙትን ዛፎች ፈለጉ። ከእነሱ ፍሬ ለቀሙ፣ ዘሩ፣ ሆን ብለው በበሽታው ፈተኑ። 74 ዛፏ የተመረጠችበት ዓመት ነው፣ 1974 (እ.ኤ.አ.)። 110 የዛፏ ተራ ቁጥር ነው። ጓዳዎ ያለው ቡና ከአንዲት እምቢ ካለች ዛፍ ነው የመጣው።

ጌሻ ቡና የጃፓን ነው ወይ ላላችሁት፦ አይደለም፤ ስሙ ከጃፓኖቹ ጌይሻ ጋር ስለተመሳሰለ ነው። ከእኛው ከደቡብ ምዕራቡ የጌሻ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተወስዶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ አድርጎ ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ ውድድር ሲያሸንፍ ነው ዓለም ያወቀው።

ጥያቄ፦ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው ማለት ይቻላል፤ ጉጥ ብቻ ነው ያለው። አራቱን ጣቱን እንደ ሜንጦ ቅርንጫፍ ላይ ሰክቶ ይወነጨፋል። አውራ ጣት ቢኖረው መያዙ ነበር። ሆዱም እንደ ላም ባለ ብዙ ክፍል ነው፤ ቅጠሉን ባክቴሪያዎች ያብላሉለታል። ከበላ በኋላ ለሰዓታት ቁጭ ብሎ የሚውለው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ይህን ደግሞ ፈልጋችሁ እዩት፦ ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ጥቁሩ የሚመጣው ወራት ቆይቶ ነው።

ጥያቄ (ከመዝሙር ተማሪ)፦ በገና እንደ ንብ "ዝዝዝ" የሚለው ለምንድነው? ክራር እንዲያ አይልም።

መልስ፦ በበገና ጅማቶችና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች አሉ። ጅማቱ ሲርገበገብ ቆዳውን ይነካካል፤ ንዝረቱ የሚወለደው እዚያ ነው። መቃኘት ስትጀምሪ ከባዱ ሥራ ጅማቱን ማጥበቅ ብቻ አይደለም፤ እንዚራውን በፀጉር ስንጣሪ ያህል ማንቀሳቀስም ነው። ትንሽ ከሳትሽ ድምፁ ይደርቃል። አሥሩን ሁሉ እንዲህ ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ በሕይወቴ ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ የሚያሳርፈኝ እሱ ነው።

የጥያቄና መልስ ውድድር የሚዘጋጁ ልጆች ብዙ ወረቀት ጥለው ነበር፤ በፍጥነት ልለፈው። ቬነስ ላይ ቀኑ ከዓመቱ ይረዝማል፤ በራሷ ዛቢያ ለመዞር 243 የምድር ቀን፣ ፀሐይን ለመዞር 225። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው። ሉሲ የተገኘችው በኅዳር 1974 (እ.ኤ.አ.) ሐዳር ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በሉቃስ ዘመን ነው። ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው። 2015ን ሞክሩት፦ 7515 ይሆናል፣ 3 ይተርፋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ወረቀት አልነበረውም። የቤቱ ልጅ ነው፣ ሰባት ዓመቱ። ውጭ ጠቁሮ ነበር። "መብረቁ ቀድሞ ነጎድጓዱ ለምን ይዘገያል?" አለኝ።

አብረው ነው የሚነሱት፣ አልኩት። ብርሃን ወዲያው ዓይንህ ይደርሳል። ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለመምጣት ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምር። የቆጠርከውን ለሦስት አካፍለው፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛለህ። የቆጠርከው ሰከንድ ከ30 በታች ከሆነ መብረቁ ሊያገኝህ ይችላልና ከዛፍ ሥር ወጥተህ ቤት ግባ።

በጅሬን በኩል ብልጭ አለ። ልጁ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። ዘጠኝ ላይ ሰማዩ አገሳ። "ሦስት ኪሎ ሜትር!" ብሎ ጮኸ። ቀጣዩ ስድስት ላይ መጣ። ወደ በሩ የሄዱት ሁሉ ተመለሱ። በረካው ተቀዳ።